የሸንበቆ ማርያም መጋረጃ

ሥራዬ ማየት ነው። ስለዚህ በእረፍት ቀኔ ምንም ነገር ማየት አልወድም፤ የቤቴን ግድግዳ እንኳ። ከፈረቃ ስገባ መስኮቱን ዘግቼ ነጠላ ዓይኔ ላይ ጣል አደርግና እጋደማለሁ። አክስቴ ወይዘሮ እንጉዳይ እንዲህ ሆኜ ሲያገኙኝ «ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትፈልጥ የዋለች ትመስያለሽ» ይሉኛል። ድንጋይ ብፈልጥ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ማታ ዓይኔ የራሴ ይሆናል።

ተመልካችነት እንደ እኔ ያለ ሰው የሚገባበት ሥራ ነው፤ ዲግሪው እንጀራ ያላበላው፣ ዓይኑ ግን ገና ደህና የሆነ ሰው። ባሕር ዳር፣ አውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት ካለው ፎቅ ላይ በተርታ እንቀመጣለን። ሳሙና ይመጣል፣ እናያለን። ሶፋ ይመጣል፣ እናያለን። ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ፊት ይመጣል፣ እሱንም እናያለን። ማሽኑ ዓይናችን የት እንዳረፈና ከየት እንደሸሸ ይይዛል፤ ሳሙናውም ሶፋውም ሰውየውም በዚያው ይስተካከላሉ። አንድ ነገር ብቻ ክልክል ነው፤ እንባ። እርጥብ ዓይን ለማሽኑ አይነበብም፣ ያለቀሰ ሰው ፈረቃው ይሰረዛል። አንዷ ባልደረባችን የወንድሟን መርዶ በተረዳች ማግሥት መጥታ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች፤ እስከ ምሳ እንኳ አልቆየችም። አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም። «እኔማ ምን አለብኝ፣ ማሽኑ ነው እንጂ» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሸኛት።

እንግዲህ እንዲህ ደክሞኝ እያለ ነው በየዓመቱ ጳጉሜ ሲያልቅ አክስቴ ሙዚየም ውሰጂኝ የሚሉኝ።

ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸውና እምቢ አይባሉም። የተወለድነው ሸንበቆ ማርያም ነው። አሁን መንደሩ የለም፤ ከዳር እስከ ዳር የፀሐይ ማሳ ሆኗል፣ ከሩቅ ሲያዩት ኩሬ ይመስላል። ሰዉ ተበተነ። ታቦቱ ወደ ከተማ ሄዶ ሌላ ደብር ውስጥ በድርብ ገባ። የማርያም ሥዕሏ ግን የመካከለኛው ዘመን ናት፣ የዚህ ዓይነት ከጣት ቁጥር አይበልጥም ተባለና ደንገል ግንብ ሙዚየም ወሰዳት።

አክስቴ ስለ ሥዕሏ ሲያወሩ «እሷ» ነው የሚሉት። በመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን ሙሉ ከቀይ መጋረጃ ኋላ ነበረች። በዓመቱ መጨረሻ ቀን ቄሱ መጋረጃውን ይገልጣሉ፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ መሬት መሬት ያያል፣ ዓመቱን አመስግኖ ይሰግዳል፣ መጋረጃው ተመልሶ እስኪዘጋ ቀና የሚል የለም። ቀና ማለት ነውር ነው። የሰው ቤት ገብቶ ጓዳ ጓዳውን እንደማየት ነው የሚቆጠረው። የመጨረሻውን ቀይ መጋረጃ ገዝተው ያሰፉት አክስቴና ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጠጄ ናቸው። ሙዚየሙ ሥዕሏን ሲወስድ መጋረጃውን ትቶት ሄደ፤ ለጎብኚ የሚታይ ዕቃ አይጋረድም አሉ። ከዚያ ወዲህ የአክስቴ ስሞታ አንድ ነው፤ «ራቁቷን አቆሟት»።

የዘንድሮው ጳጉሜ የመጨረሻ ቀን ዝናብ ነበር። ሹፌር አልባው አውቶቡስ ከከተማ እስኪወጣ ድረስ መስኮቶቹ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ታየ፤ እኔ ባለፈው ወር ያየሁት ሳሙና ነው፣ መጠቅለያውን ቀይረውታል። ዓይኔን ጨፈንኩ። አክስቴ ጃንጥላቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሐል አቁመው ስለ ወይዘሮ ጠጄ ያወሩልኛል። ወይዘሮ ጠጄ ደብረ ማርቆስ ልጃቸው ቤት አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመት አልፏቸዋል። ድሮ አብረውን ይመጡ ነበር፤ አሁን በስልክ ነው የሚሳለሙት። «ስትመለሱ ደውይልኝ ብላለች፤ ስትጠብቅ ነው የምትውለው» አሉ አክስቴ።

ደንገል ግንብ ከሐይቁ በላይ ጉብታው ላይ ነው። የድሮ ነገሥታት በድንጋይና በኖራ ያሠሩት ነው፤ ደረጃው ጠባብ፣ መስኮቱ ትንሽ፣ ውስጡ በሐምሌም በሚያዝያም ቀዝቃዛ ነው። በሩ ላይ ማሽኑ ዓይኔን አይቶ እንደ ሁልጊዜው ደረቴ ላይ የሚለጠፍ ግራጫ ክብ ነገር ተፋልኝ። የተመልካቾች ምልክት ነው። የእኛ ዓይን እዚያ አይቆጠርም፤ ለገንዘብ የሚያይ ሰው ሥዕል ወደደ አይባልም። ለአክስቴ ነጭ ሰጣቸው። ጆሮ ላይ የሚደረገውን አስጎብኚ ሲዘረጋላቸው «መንገዱን አውቀዋለሁ» ብለው ገፉት።

የዘውዶቹ አዳራሽ እንደ ወትሮው ጢም ብሏል። ጎብኚዎች ከአንዱ መስታወት ወደ ሌላው ጆሯቸው በነገራቸው ተራ ይሄዳሉ፤ ይቆማሉ፤ ዕቃው ሥር ያለችው መብራት ቢጫ ሆና ትበራለች፤ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ሲቆዩ አረንጓዴ ትሆናለች፤ ያልፋሉ። ሙሉ እይታ የሚባለው ይኸ ነው። አንዲት እናት ልጇን በትከሻው ይዛ «አረንጓዴ ሳይሆን ንቅንቅ እንዳትል» ትለዋለች። ልጁ የንጉሥ ጫማ ላይ አፍጥጦ ያዛጋል። ብዙ የታየ ዕቃ ጆሮ ውስጥ ብዙ ይጠራል፣ ብዙ የተጠራ ብዙ ይታያል። ያልተጠራው ፎቅ ላይ ነው።

እኛም ወደ ፎቅ ወጣን። አክስቴ በየደረጃው ሲያርፉ እኔም አብሬ አረፍኩ። ከእሳቸው ይልቅ እኔ ነበርኩ የደከመኝ፣ ግን አልተናገርኩም።

የላይኛውን ፎቅ የሚጠብቁት አቶ ምናሴ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ እግራቸውን የሚያማቸው ዝምተኛ ሰው። ሁልጊዜ አክስቴን ሲያዩ ከወንበራቸው ይነሣሉ። ዘንድሮም ተነሡ፣ ሰላምታቸው ግን ቀዝቀዝ አለብኝ። አክስቴ እንደ ልማዳቸው ክፍሉ በር ላይ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው መቃኑን ተሳለሙና እዚያው ድንጋዩ ላይ ተንበረከኩ። እኔ ሥዕሏን አየሁ። ልማድ ሆኖብኝ የምሄድበትን ሁሉ አያለሁ። ጠቁራለች፤ የጧፍ ጢስ የዘመናት ነው። ፍሬሟ ጥግ ላይ አምና ያልነበረ ግራጫ ክር ታስሯል።

«ክሩ ምንድነው?» አልኳቸው አቶ ምናሴን።

ክንዴን ይዘው ወደ መስኮቱ ፈቀቅ አደረጉኝ። «አክስትሽ እንዳይሰሙ ቀስ በይ። የሚወርዱት ናቸው ክር የሚታሰርላቸው። አዲስ ደንብ ወጥቷል፤ በዓመቱ ውስጥ አንድ ሙሉ እይታ ያላገኘ ሥዕል ወደ ታችኛው መጋዘን ይገባል። ዓመቱ የሚዘጋው ዛሬ ነው።»

«መጋዘን ገብታስ?»

«ደህና ትቀመጣለች። ደረቅ ነው፣ ጨለማ ነው፣ አይጥ የለም። ሰው ግን አይገባም። ከዚያ የወጣ እስካሁን አላየሁም።»

«እንዴ፣ አንድ ሰው እንኳ አላያትም? ዓመቱን ሙሉ ሰው አልመጣም?»

አቶ ምናሴ ፊታቸውን ወደ ዝናቡ መለሱ። «ሰውማ ይመጣል። እናንተ ትመጣላችሁ። የፍልሰታ ሰሞን ከየሀገሩ እናቶች ይመጣሉ። እንደ አክስትሽ በር ላይ ይሳለማሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ስለት ይሳላሉ። በዚህ ግንብ ውስጥ እንደሷ የተሰገደለት ዕቃ የለም። ግን አንድም ቀና ብሎ ያያት የለም። የቀረው ጎብኚ ደግሞ ጆሮው እዚህ አይልከውም። ቁጥሯ ባዶ ነው።»

«ታዲያ ይህን ለምን አትነግሯቸውም?»

«ነግሬያለሁ። ስግደት የሚቆጥር ነገር የለንም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ የለንም።»

ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላወቅሁም። የእኛ ሰዎች አክብረው ማቀርቀራቸው ነው የሚያስወርዳት። ደረቴ ላይ ያለውን ግራጫ ነገር ነካሁት። አቶ ምናሴም አዩት። «አንቺማ ብታፈጪባት እስከ ነገ አትቆጠሪም» አሉ፣ በማዘን ነው እንጂ በማሾፍ አይደለም።

ያን ጊዜ ወጣት ባልና ሚስት ከደረጃው ብቅ አሉ፤ መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ነው የወጡት። ግድግዳው ላይ «እይታ መለመን ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አለ፤ የተለመነ እይታ ከተያዘ ይሰረዛል፣ ጠባቂውም ይጠየቃል። ስለዚህ ዝም ብዬ ቆምኩ። በልቤ እባካችሁ፣ አንዴ ብቻ፣ አልኩ። ሰውየው ሥዕሏን ገረፍ አድርጎ አያት። መብራቷ ቢጫ ሆና በራች። «እዚህ ምንም የለም ይለኛል» አለ ጆሮውን እየነካ፣ ሚስቱም «እንውረድ፣ በረደኝ» አለችው። ወረዱ። መብራቷ ጠፋች።

አክስቴ ስግደታቸውን ጨርሰው ግድግዳው ሥር ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። መዋሸትም ማለስለስም የምችልበት ጉልበት አልነበረኝም። ክሩን ነገርኳቸው፣ መጋዘኑን ነገርኳቸው፣ ባዶውን ቁጥር ነገርኳቸው።

ከታች አዳራሽ የእግር ኮቴ ይሰማል።

«እና ቀና ብዬ ልያት ነው የምትይኝ» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ እታለም። መብራቷ አረንጓዴ እስክትሆን ድረስ። ረጅም አይደለም።»

«እናቴ አላየቻትም። የእናቴም እናት አላየቻትም። እኔ ማን ሆኜ ነው ዓይን ለዓይን የምገጥማት?»

«ካላዩአት ትወርዳለች። ለከርሞ ይህን መቃንም የሚሳለሙት ለባዶ ግድግዳ ነው።»

«አንቺ እያት። ማየት ሥራሽ አይደል?»

«የእኔ አይቆጠርም።»

«ለምን አይቆጠርም? ዓይን አይደለም እንዴ?»

«ሸጬዋለሁ እኮ እታለም» አልኳቸው። አክስቴ ዞር ብለው አዩኝ፤ እኔን እንኳ እንዲህ ትክ ብለው አይተውኝ አያውቁም። ጉንጬን በመዳፋቸው ነካ አደረጉኝ። ከዚያ እጄን ይዘው ተነሡ።

ልንዘጋ ነው የሚለው የመጀመሪያው ደወል ተደወለ። አቶ ምናሴ ጀርባቸውን ሰጡንና በመስኮቱ ሐይቁን ማየት ጀመሩ። ኋላ የሚያስጠይቃቸውን ነገር ላለማየት ነው። አመሰገንኳቸው በሆዴ።

አክስቴ ሥዕሏ ፊት ቆሙ። ነጠላውን ከፊታቸው ወደ ትከሻቸው አወረዱ። «አንቺው ታውቂያለሽ፣ ለድፍረት አይደለም» አሉና ቀና አሉ።

መብራቷ ቢጫ ሆነች። እኔ ሥዕሏንም አክስቴንም ትቼ መብራቷን ብቻ አያለሁ። ቢጫው ደመቀ፣ ወደ አረንጓዴ ሊሄድ ሲል ተመለሰ። ጠፋ። እንደገና በራ። ምን ሆነ ብዬ አክስቴን ባያቸው ዓይናቸው ሞልቶ እንባው በጉንጫቸው ይወርዳል።

አወቅሁት። ስንት ፈረቃ በዚህ ሲሰረዝ አይቻለሁ።

«እታለም፣ ዓይንዎን ይጥረጉ። ደረቅ መሆን አለበት።»

በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ቀና አሉ። ቢጫ ሆነ። እንደገና ሞላ፣ ጠፋ።

«አያልቅሱ በናትዎ። ማሽኑ እንባ አያይም።»

«ምን ላድርግ ልጄ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሥዕሏ ሳይነቅሉ፣ «እሷ እኮ ናት።»

ሁለተኛው ደወል ተደወለ። በየክፍሉ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ተራ በተራ ጠፉ፤ የእሷም ጠፋች። አክስቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ መለሱና እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«አረንጓዴ ሆነ?» አሉኝ።

አቶ ምናሴ ከመስኮቱ ዞረው ነበር። ተያየን።

«ሆነ» አልኩ።

«ሆኗል እማማ» አሉ አቶ ምናሴም። «እንኳን ደስ አለዎት።»

አክስቴ መረቋቸው። እግርዎ ይማርልዎ፣ ልጆችዎን ያሳድግልዎ፣ የደጇን ጠባቂ አያሳጣን አሉ። አቶ ምናሴ አሜን እያሉ ወለሉን ያያሉ።

ደረጃውን ስንወርድ አክስቴ ያወራሉ፤ እንደዚያ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። «ወደ ጎን ነው የምታየው፣ አይተሻል? ዓይኗን ወደ ጎን አድርጋለች። አፍጥጣ አታይም። እኛ ስናቀረቅርላት እሷም ዞር እያለችልን ነበር ለካ።» ሳላስበው ቆም አልኩ። በየዓመቱ አይቻታለሁ፣ ዓይኗ ወዴት እንደሆነ ግን አንድ ቀን ልብ ብዬ አላውቅም።

መውጫው ጋ ስንደርስ ዝናቡ አላባራም። የአክስቴ ጃንጥላ ፎቅ ላይ ቀርቷል። ልሂድ ብላቸው እምቢ አሉ፣ አብረን ተመልሰን ወጣን። ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ አቶ ምናሴ መሰላል ላይ ናቸው። ግራጫ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ሥዕሏ ላይ እየጣሉ ነው፤ ሥዕሎቹ ከግድግዳ ከመውረዳቸው በፊት እንዲህ ነው የሚሸፈኑት። እኔ አክስቴን ለመጋረድ ፊት ለፊታቸው ልቆም ሞከርኩ፤ ዘገየሁ። አቶ ምናሴ አዩን፣ እጃቸው ጨርቁን እንደያዘ ቀረ።

አክስቴ ጨርቁን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ተሳለሙ።

«እሰይ፣ መጋረጃዋን መለሱላት» አሉ።

ጃንጥላውን አንሥቼ አክስቴን ደግፌ ወረድኩ። ምስኪን፣ አልገባቸውም፣ አልኩ በልቤ፤ ደግ ነው፣ ባይገባቸው ይሻላል። ለከርሞ ጳጉሜ ስትመጣ ምን እንደምላቸው ማሰብ ግን ከዚያው ጀመርኩ። አሞኛል እላለሁ። አውቶቡሱ ቆሟል እላለሁ። ግንቡን ለጥገና ዘግተውታል እላለሁ።

አውቶቡስ ውስጥ ስንገባ ሌላ ሰው አልነበረም። ሳሙናው መስኮቱ ላይ መጣ። አክስቴ ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ነበር።

«በይ ለጠጄ ደውይላት» አሉኝ። «ስትጠብቅ ነው የዋለችው።»

«ምን ልበላቸው?»

«አየኋት፣ ተርፋለች በያት። ከእንግዲህ ራቁቷን አትቆምም በያት።»

ደወልኩ። ወይዘሮ ጠጄ ገና ስልኩ ሳይጠራ ያነሡ መሰለኝ። ድምፃቸው አልቋል፣ ለመስማት ስልኩን ጆሮዬ ላይ መጫን ነበረብኝ። «እንዴት ናት?» አሉኝ፤ እንዴት ናችሁ አላሉም።

«ደህና ናት እትዬ ጠጄ። ተርፋለች። መጋረጃዋንም መልሰውላታል።»

ከዚያኛው ጫፍ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። «ቀዩን?» አሉ። «እኔና እንጉዳይ ያሰፋነውን?»

ወደ አክስቴ ዞርኩ። ድምፁ ደርሷቸዋል፤ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቀዩን ነው በያት» አሉኝ ቀስ ብለው።

አክስቴ የዚያ መጋረጃ ቀለም የሚጠፋቸው ሰው አይደሉም። ጨርቁን ገበያ ለገበያ ዞረው የመረጡት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ ገባኝ። ግራጫ መሆኑን አይተዋል። አረንጓዴ አለመሆኑንም ያውቃሉ። በር ላይ ቆመው እሰይ ያሉት እኔ እንዳልከፋ ነው። ቀዩን ነው በያት ያሉኝ ደግሞ ወይዘሮ ጠጄ ለከርሞ ስለማይደርሱ ነው።

መስኮቱ ላይ ሳሙናው እየዞረ ነው። ዓይኔ ሞልቶ አላየሁትም።

«አዎ እትዬ ጠጄ» አልኩ፣ «ቀዩን ነው።»